ሳም ኩክ፦ የዘፈኑ ባለቤት ማን ነው?

በታሪክ ገጽ ላይ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ነፃነት ትግል ማንበብ የለመደ ሰው የአንድ ዘፋኝ ስም ሲያይ ግር ሊለው ይችላል። “ዘፈን ደግሞ ምኑ ታሪክ ነው?” የሚል መምህርም አይጠፋም። እኛም ርዕሱን ስንመርጥ ተከራክረንበታል። የአሜሪካ ጥቁሮችን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናስተምር ብዙ ጊዜ ከ1863ቱ የነፃነት አዋጅ እንነሳና ዘለን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ዋሽንግተን ላይ ያደረጉት ንግግር ላይ እናርፋለን። በመካከሉ ያለው መቶ ዓመት በተማሪው ደብተር ላይ ባዶ መስመር ሆኖ ይቀራል። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ሰው እንዴት ይኖር ነበር? መንገድ ሲሄድ የት ያድራል? የሠራበትን ገንዘብ ማን ይይዝለታል? ይህን በአንድ ሰው ሕይወት ለማሳየት የሳም ኩክ ሕይወት ይበቃል ብለን አመንን። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሶል የሚባለው ሙዚቃ፣ ባጭሩ፣ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ከዓለማዊ ዘፈን ጋር ሲጋባ የተወለደ ነው። ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጦር ሠፈር ሬዲዮ፣ በሸክላም፣ በምሽት ክበብም እየተንጠባጠበ ወደ አካባቢያችን ደርሶ ነበር። አለማየሁ እሸቴን “የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን” ያሏቸው እንዲሁ አይደለም። ታዲያ አሜሪካ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ዘፋኝ ለመሆን ያሰቡ ወጣቶች ከፊታቸው ሲሄድ ያዩት ሰው ማን ነበር ብትሉ፣ ኦቲስ ሬዲንግም ሆነ አሪታ ፍራንክሊን የሚጠሩት ስም ሳም ኩክ ነው።

ሳሙኤል ኩክ ጃንዋሪ 22 ቀን 1931 ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ክላርክስዴል በምትባል ከተማ ተወለደ። አገሩ የጥጥ አገር ነው። ባርነት በሕግ ከተሻረ ከስልሳ ዓመት በላይ ቢያልፍም መሬቱ በአብዛኛው የነጮቹ ነበር፤ ጥቁሮቹ እኩል አራሽ ሆነው ይሠሩበታል። እኩል አራሽ ምን ማለት እንደሆነ የአገራችንን ታሪክ ለሚያውቅ መምህር ማስረዳት አያስፈልግም። ገበሬው ዘሩን፣ መሣሪያውንና ቀለቡን ከባለመሬቱ በዱቤ ይወስዳል። ጥጡ ተለቅሞ ሒሳብ ሲተሳሰቡ ዕዳው ከድርሻው በልጦ ይገኛል። መዝገቡን የሚይዘው ባለመሬቱ ነው፤ ገበሬው ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም፤ ቢችልም “እስቲ መዝገቡን አሳየኝ” ብሎ መጠየቅ አደጋ አለው። ይህን ነገር ልብ በሉልን፣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ደቡቡን ጥለው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ፈለሱ። የአገር ድንበር ስላልተሻገሩ ስደተኛ ብሎ የመዘገባቸው የለም እንጂ፣ ሻንጣቸውን ይዘው የወጡበት ምክንያት እኛ ከምናውቀው ብዙ የራቀ አልነበረም። የኩክ ቤተሰብም በ1933 ወደ ቺካጎ ሄደ። ሳም ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ቻርልስ ኩክ ሰባኪ ነበሩ፤ ከስምንቱ ልጆቻቸው አንዳንዶቹን ሰብስበው በየቤተ ክርስቲያኑ የሚዘምር ትንሽ ቡድን አቋቋሙ። ወንድሙ ኤል ሲ ሲናገር፣ ሳም ልጅ ሳለ የአይስክሬም እንጨቶች ይለቅምና መሬት ላይ ደርድሮ ይተክላቸው ነበር። “እነዚህ ተመልካቾቼ ናቸው” እያለ ለእንጨቶቹ ይዘፍንላቸዋል። ለነገሩ ከማንኛውም ኮንሰርት በፊት የነበረው የሳም አዳራሽ ይኸው ነበር፤ ሁሉም እንጨት አንድ መስመር ላይ፣ ማንም ከማንም ሳይለይ።

በትምህርት ቤት ዘመኑ ሀይዌይ ኪውሲስ ከሚባሉ ወጣት ዘማሪዎች ጋር ዘመረ። ከዚያም ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል ትልቅ ዕድል መጣ። ሶል ስቲረርስ የተባለው በአገሩ ሁሉ የታወቀ የጎስፔል ቡድን መሪ ድምፃዊው አር ኤች ሃሪስ ለቀቀበትና ሳምን ተካው። ሃሪስ በዚያን ጊዜ በጎስፔል ዓለም አንቱ የተባለ ሰው ነው። በሱ ቦታ አንድ ልጅ ሲቆም ሕዝቡ ምን እንደሚል መገመት ትችላላችሁ። ሳም መጀመሪያ እንደ ሃሪስ መጮህ ሞከረ፤ አልሆነለትም፣ ድምፁ ይሰበራል። ቀስ በቀስ የራሱን መላ አገኘ፦ ጩኸቱን ትቶ አንዷን ቃል ሦስት አራት ጊዜ እያጠማዘዘ፣ እንደ መንሳፈፍ እያደረገ ማውረድ። በ1951 ከቡድኑ ጋር የመጀመሪያውን ሸክላ ሲቀዳ ይህ ስልት ይሰማል። ወጣቱ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ፊት መጋፋት ጀመረ፤ ሽማግሌዎቹ ግማሹ ደስ አላቸው፣ ግማሹ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

በጎስፔል ዓለም ውስጥ ዓለማዊ ዘፈን መዝፈን እንደ ክህደት ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ሳም በ1956 የመጀመሪያውን የፍቅር ዘፈን ሲቀዳ በስሙ አላወጣውም፤ ዴል ኩክ በሚል የሐሰት ስም አወጣው። ማንን ሊያታልል! ድምፁን የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ለየው። ከሶል ስቲረርስም ተለየ። አባቱ ግን፣ እንዲያ ሰባኪ ሆነው፣ አልከለከሉትም። ዓለማዊ ሥራውን በስሙ ሲጀምር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የአባቱ ስም መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ጨመረበት። በእኛ ፊደል ስንጽፈው ልዩነቱ አይታይም።

አሁን ወደ መዝገቡ ነገር እንምጣ። የሶል ስቲረርስን ሸክላ የሚያሳትመው ስፔሻልቲ የተባለው ኩባንያ ሲሆን ባለቤቱ አርት ሩፕ ይባላል። በ1957 ሳም ከአዘጋጁ ከባምፕስ ብላክዌል ጋር ዓለማዊ ዘፈኖች ሲቀዳ ሩፕ ድንገት ስቱዲዮ ገባ፤ ነጭ አጃቢ ዘማሪዎችን አይቶ፣ ሙዚቃውም ለስልሶበት፣ ተናደደ። ጠብ ሆነ። ብላክዌል ሊከፈለው የሚገባውን ገንዘብ ትቶ ቅጂውን ይዞ ወጣ። ያ ቅጂ “ዩ ሴንድ ሚ” የተባለው ዘፈን ነበር። ኪን በሚባል አዲስ ኩባንያ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በጥቁሮቹም በነጮቹም ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

ግን የዘፈኑ ደራሲ ተብሎ ሸክላው ላይ የተጻፈው የሳም ስም አልነበረም፤ የወንድሙ የኤል ሲ ስም ነው። ለምን? አንድ ሸክላ ሲሸጥ ገንዘቡ በሁለት ቧንቧ ይፈስሳል። በአንደኛው ለዘፋኙ ትንሽ ድርሻ ይደርሰዋል። በሁለተኛው ደግሞ ግጥሙንና ዜማውን ለደረሰው ሰውና የድርሰቱን መብት ለያዘው ድርጅት ይከፈላል። ዘፋኙ ቢያረጅም፣ ቢሞትም፣ ዘፈኑን ሌላ ሰው ቢዘፍነውም ሁለተኛው ቧንቧ አይደርቅም። ሳም ገና ከስፔሻልቲ ጋር የነበረው ውል ስላልለቀቀው በስሙ ቢያስመዘግብ መብቱ ለሩፕ ድርጅት ይሄድ ነበር። ስለዚህ በወንድሙ ስም አደረገው። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው ብለን ተማሪዎቻችንን አንመክርም፤ ነገር ግን የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የቺካጎ የጥጥ ፈላሾች ልጅ፣ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚሾልክ ቀድሞ መረዳቱን ያሳያል።

ኪንም የሚገባውን አልከፈለውም፤ ሳም ከሰሰ። ከዚህ በኋላ ነው የሌላ ሰው መዝገብ ማመን ያበቃው። ጄ ደብሊው አሌክሳንደር የሚባል የቀድሞ የጎስፔል ዘማሪ ካግስ በሚባል የድርሰት መብት ድርጅት አብሮት ሠራ። በ1959 ሁለቱ ከሶል ስቲረርሱ ሮይ ክሬን ጋር ሆነው ሳር የተባለ የሸክላ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ስሙ የሳም፣ የአሌክስና የሮይ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። እሱ ራሱ በ1960 አር ሲ ኤ ከሚባለው ግዙፍ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ ሳር ግን ለሌሎቹ ሆነ፤ የቀድሞ ቡድኑን ሶል ስቲረርስን፣ ጆኒ ቴይለርን፣ የወማክ ወንድማማቾችን እዚያ ቀዳ። በዚያን ጊዜ ጥቁር ዘፋኝ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ የራሱን ድምፅ ሳይሆን የኩባንያ ሒሳብ ይዞ ስብሰባ ሲቀመጥ ማየት ብርቅ ነበር።

የወማክ ወንድማማቾችን ታሪክ በተለይ ለክፍል ውይይት እንወደዋለን። ከክሊቭላንድ የመጡ አምስት ወንድማማቾች ናቸው። ሳም ስማቸውን ቫለንቲኖስ ብሎ ለወጠላቸውና በ1964 “ኢትስ ኦል ኦቨር ናው” የሚል ዘፈን ሳር ላይ ቀዱ፤ ከደራሲዎቹ አንዱ ቦቢ ወማክ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት የእንግሊዝ ወጣቶች ያንኑ ዘፈን ዘፈኑትና እንግሊዝ አገር አንደኛ ሆነ። ቦቢ በገነ፤ የራሳቸውን ዘፈን ፈልገው አይዘፍኑም ወይ አለ። ሳም ተው ዝም በል ብሎ አረጋጋው። ከዚያ የድርሰት መብቱ ቼክ መጣ። ቦቢ ቼኩን ካየ በኋላ ስቶንሶቹ የፈለጉትን ዘፈን ሁሉ ቢወስዱ እንደማይከፋው ለብዙ ዓመት እየሳቀ ሲያወራ ኖሯል። ብዙዎቻችን በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ ፈርመን እናውቃለን። እዚህ ጋ ወረቀቱ አንድ ጊዜ በትክክል ተጽፎ ነበር።

ወጣ እንበልና፣ ተማሪዎቻችን የሚወዱት አንድ ዘፈን አለ፤ “ወንደርፉል ወርልድ” ይባላል፣ በ1960 የወጣ ነው። (ከሉዊ አርምስትሮንግ ዘፈን ጋር አታምታቱት፤ ያ ሌላ ነው።) ዘፋኙ ታሪክም፣ ባዮሎጂም፣ ጂኦግራፊም፣ አልጀብራም እንደማይሆንለት ይናዘዝና የሚያውቀው ፍቅርን ብቻ እንደሆነ ይነግራታል። ለፈተና ሰሞን ጥሩ ሰበብ ነው! ደራሲው ግን ከትምህርት የራቀ ሰው አልነበረም። በየጉዞው መጽሐፍ የማይለየው፣ ለአንድ ትርዒት ሰባትና ስምንት ሰዓት መኪና ውስጥ ሲጓዝ የሚያነብ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው “ቼይን ጋንግ” ደግሞ በጉዞ ላይ ሳለ መንገድ ዳር በእግር ብረት የሚሠሩ እስረኞችን አይቶ የደረሰው ነው። እስረኞቹን ሲያገኝ ቆሞ ሲጋራ እንደሰጣቸው ይነገራል። ከበሮው የዶማ ምት ይመስላል፤ ሰው እየጨፈረበት እስረኞቹን ይሰማል።

ጉዞው ራሱ ትምህርት ነበር። ደቡብ ውስጥ ጥቁር ዘፋኝ ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ዘፍኖ፣ በዚያው ሌሊት የሚያድርበት ሆቴል አያገኝም። አዳራሹ ውስጥም ነጮቹ ከታች ወንበር ላይ፣ ጥቁሮቹ ሰገነት ላይ ወይም በገመድ ተከልለው ይቀመጣሉ። በሜይ 1961 ሜምፊስ ውስጥ ሳም ኩክና ክላይድ ማክፋተር ሊዘፍኑ ተዘጋጅተው ሳለ የአቀማመጡን ነገር ሰሙና አንዘፍንም አሉ። ቲኬት ተሽጧል፣ ሕዝብ መጥቷል። ገቢው ቀረባቸው፤ አዘጋጁም ተቆጣ። ግን ዘፋኝ “ሕዝቤ እንዲህ ከተቀመጠ ድምፄን አታገኙም” ማለት እንደሚችል ታየ።

1963 ለሳም ክፉ ዓመት ነበር። በጁን ወር የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ልጁ ቪንሰንት በቤታቸው መዋኛ ገንዳ ሰጥሞ ሞተ። በኦክቶበር 8 ሉዊዚያና ግዛት ሽሪቭፖርት ከተማ ከባለቤቱ ከባርባራና ከባልደረቦቹ ጋር ሲደርስ ሆሊዴይ ኢን ሆቴል አስቀድሞ በስልክ ክፍል ይዞ ነበር። የእንግዳ መቀበያው ሰው ፊታቸውን ሲያይ ክፍል የለም አለ። ሳም አልንቀሳቀስም ብሎ ሥራ አስኪያጁን ጥሩልኝ አለ። ባርባራ እዚህ አገር ይገድሉሃል፣ እንሂድ እያለች ለመነችው። በመጨረሻ ወጡ፤ የመኪናውን ጡሩምባ እያስጮኹ ሄዱ። ጥቁሮች የሚያድሩበት ሆቴል ሲደርሱ ፖሊስ ቀድሞ ቆሞ ይጠብቃል፤ ፀጥታ በማወክ ወንጀል ተያዙ። ዜናው ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ወጣ። ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የሽሪቭፖርት ከንቲባ ይቅርታ ጠይቀው የከተማዋን የክብር ቁልፍ ለሳም መታሰቢያ ለልጁ ሰጡ። ሳም ያን ሌሊት የጠየቀው የአንድ ክፍል ቁልፍ ነበር።

በዚያው ዓመት የቦብ ዲላንን “ብሎዊን ኢን ዘ ዊንድ” ሰምቶ ነበር። ዘፈኑን ወደደው፣ አፈረም። ስለ ጥቁሮች መከራ እንዲህ ያለ ዘፈን የጻፈው ነጭ ልጅ ነው፤ እኔ የት ነበርኩ አለ። የ1963 መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን ደረሰ። ራሱ እንደተናገረው ከሌሎቹ ድርሰቶቹ በተለየ እንደ ሕልም ሆኖ ነው የመጣለት፤ ስለዚህም ያስፈራው ነበር። ለቦቢ ወማክ ሲያሰማው ቦቢ ሞት ሞት ይሸታል አለው። “ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ከም” ይባላል። ለውጥ ይመጣል ማለት ነው። በጃንዋሪ 30 ቀን 1964 ሆሊውድ ውስጥ ተቀዳ፤ የሙዚቃ ቅንብሩን የሠራው ሬኔ ሆል በቫዮሊኖችና በትልልቅ ከበሮዎች እንደ ፊልም ሙዚቃ አድርጎ ሠራው። ግጥሙ ወንዝ ዳር ከተወለደ ልጅ ተነስቶ፣ መሄጃ ካጣ ሰው ጋር ይጓዝና ወንድሙን እርዳታ ጠይቆ ተገፍቶ ይወድቃል። ተስፋ አለው፤ ነገር ግን ተስፋው በርካሽ አልተገዛም። ብዙ የተስፋ ዘፈኖች ሰምተናል፤ እንደዚህ የደከመው ሰው የሚያምነው ግን ጥቂት ነው።

ፌብሩዋሪ 7 በአገሪቱ ትልቅ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ በሙሉ ኦርኬስትራ ዘፈነው። የዚያ ምሽት ምስል አልተጠበቀም። ከሁለት ቀን በኋላ ቢትልስ በሌላ ጣቢያ ቀረቡና የአገሩ ወሬ ሁሉ እነሱ ሆኑ። ሳም ያን ዘፈን ከዚያ ወዲያ በመድረክ አልደገመውም። በጁላይ 2 ቀን 1964 በሆቴልና በምግብ ቤት የዘር ልዩነት ማድረግን የሚከለክለው የሲቪል መብቶች ሕግ ተፈረመ። በሕግ ደረጃ የሽሪቭፖርቱ ሆቴል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳምን መመለስ አይችልም። ሳም ከዚህ ሕግ ጋር የኖረው አምስት ወር ብቻ ነው።

ዲሴምበር 11 ቀን 1964 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሀሲየንዳ በሚባል ሞቴል በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ነበር። የተኮሰችው የሞቴሉ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ራሴን ለመከላከል ነው አለች። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተሰየሙት ሰዎችም ቃሏን ተቀብለው ግድያው አያስጠይቅም ብለው ወሰኑ። ቤተሰቡና ወዳጆቹ ውሳኔውን አላመኑትም፤ እስከ ዛሬም ያከራክራል። ሳም ቅዱስ አልነበረም፤ ወደ ሞቴሉ የሄደው በዚያ ምሽት ካገኛት ሌላ ሴት ጋር ነው። እኛ ከዚህ በላይ ግምት አንጨምርም። ቺካጎና ሎስ አንጀለስ ሁለት ቦታ ለቅሶ ተደረገለት፤ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ተጨናነቀ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዲሴምበር 22፣ “ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ከም” በትንሹ ሸክላ ወጣ። የሸክላው ፊት አልነበረም፤ ፊቱ “ሼክ” የተባለ የዳንስ ዘፈን ነው፣ እሱ ጀርባው ላይ ነው። አንድ አንቀጽም ተቆርጦ ወጥቷል፦ ሰውዬው ሲኒማ ቤትና መሀል ከተማ ሲሄድ እዚህ አትዘዋወር እንደሚባል የሚናገረው። የዘር ልዩነቱን በግልጽ የሚጠራው አንቀጽ እሱ ነበር። ቀደም ብሎ በማርች የወጣው ትልቁ አልበም ላይ ግን ሙሉው አለ። የመብት ታጋዮቹ ዘፈኑን ተቀበሉት። በ2007 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው።

መዝገቡስ? በ1963 ሳም አለን ክላይን የሚባል ሒሳብ አዋቂ ቀጥሮ ነበር። ክላይን የአር ሲ ኤን መዝገብ አስከፍቶ ያልተከፈለ ገንዘብ አገኘ፤ ከዚያም አዲስ ውል አስገባለት። በአዲሱ ውል ሸክላዎቹን የሚሠራው በሳም ሴት ልጅ ስም ትሬሲ ተብሎ የተሰየመ ድርጅት ሆነ፤ አር ሲ ኤ የሚሠራው ማከፋፈሉን ብቻ ነው። ወሬው ሲሰማ ድል ይመስላል። ወረቀቱ ላይ ግን የትሬሲ ባለቤት ክላይን ነበር። ሳም ከሞተ በኋላ ሳር ተዘጋ፣ የዘፈኖቹም መብት በመጨረሻ ወደ ክላይን ኩባንያ ወደ አብኮ ገባ። የእኩል አራሹን መዝገብ ለመሸሽ ያን ያህል የለፋ፣ ለሌሎች ውል ያነበበ ሰው ነው። ይህን ስናነብ ከእኛ መካከል ሳም ሞኝ ነበር ያለም አለ፤ በዚያን ዘመን ከዚያ የተሻለ ሰው አያገኝም ነበር ያለም አለ። አልተስማማንም።

ዘፈኖቹን ክፍል ውስጥ ማሰማት የምትፈልጉ መምህራን ከሶል ስቲረርስ ዘመን “ተች ዘ ሄም ኦቭ ሂዝ ጋርመንት” የሚለውን አስቀድሙ፤ በ1956 የተቀዳ የወንጌል መዝሙር ነው፣ ያ የሚጠማዘዘው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማበታል። ከዚያ ጃንዋሪ 12 ቀን 1963 ማያሚ በሚገኘው የጥቁሮች ሠፈር ሃርለም ስኩዌር ክለብ ውስጥ የተቀዳውን አሰሙ። እዚያ ሳም ድምፁን አያለሰልስም፤ ይጮሃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሕዝቡ አብሮት ይዘፍናል። ኩባንያው ይህ ቅጂ ሻካራ ነው፣ የነጭ ገበያ ያስፈራብናል ብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ለሕዝብ የወጣው በ1985 ነው፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ።